እትዬ ክዳኑስና የሕንፃችን ጆንያዎች

እግዜር ሰፈር ሲሠራ ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ እብድ፣ አንድ ወሬኛ፣ አንድ ደግሞ የሰው ቆሻሻ የሚፈትሽ ሰው ይመድባል። እብዱን ዳቦ ሰጥተኸው ታልፋለህ። ወሬኛዋንም ሰምተህ እንዳልሰማህ ሆነህ ታልፋታለህ። ቆሻሻ ፈታሹ ግን አይታለፍም። ፌስታልህን አንጠልጥለህ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ብልጥ ሆኜ በጓሮ ልዙር ብትል እሱም በጓሮ ዞሮ ነው የሚመጣው።

ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ክብርት እትዬ ክዳኑስ ናቸው። ይህ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ ሕንፃው ነው ያወጣላቸው፣ ያውም ከራሳቸው አፍ ወስዶ። ጠርሙስ ይዘህ ስትመጣ «ክዳኑስ?» ይላሉ። ቆርቆሮ ይዘህ ስትመጣ «ክዳኑስ?» ይላሉ። የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ራሰ በራ ነው፤ አንድ ቀን ቆቡን ረስቶ ሲወጣ እንኳ ቀና ብለው አይተው «ክዳኑስ?» ብለውታል ይባላል። እኔ በጆሮዬ አልሰማሁም፤ ግን አምናለሁ።

ግዛታቸው ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ናት። ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች። ዛሬ ግድግዳዋን ይዘው ጆንያዎች በመደዳ ተሰቅለውባታል፤ የወረቀት፣ የካርቶን (ካርቶንም ወረቀት ነው ያለ ሰው ዳግመኛ አይለውም)፣ የነጭ ጠርሙስ፣ የባለቀለም ጠርሙስ፣ የቆርቆሮ፣ የለስላሳ ፕላስቲክ፣ የደረቅ ፕላስቲክ። መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ጆንያ አለ። ምን እንደሚገባበት ብጠይቃቸው «እሱ ገና አልተወሰነም» አሉኝ። የክፍሏ ቁልፍ በክር ታስራ ከአንገታቸው አትወርድም።

ሙሽሮቹ ወደ ሕንፃችን በገቡ ሰሞን የኬክ ካርቶን ጣሉ። ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ክሬም ቀርቶበት ኖሯል። በማግስቱ ማለዳ በራቸው ተንኳኳ። ሙሽራው በፒጃማ ከፈተ። እትዬ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ካርቶን ገና በልቶ አልጨረሰም።»

«ምን?»

«ቅባቱ ጤነኛውን ወረቀት ሁሉ ነው የሚበክለው። ቆርጣችሁ ደረቁን ወዲህ፣ ቅባት የነካውን ወዲያ። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

ሙሽሮቹ ከዚያ ወዲህ ኬክ የሚበሉት ውጭ ነው። ሙሽራዋ ከጣቶቿ ላይ ክሬም ስትልስ እንኳ ዞር ዞር ብላ ታያለች አሉ።

በእኛ ቤትም የወተት ፌስታል ተቀዶ፣ ታጥቦ፣ በልብስ ገመድ ላይ ከባለቤቴ ሸሚዞች ጎን ይሰጣል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አኮረፈች፤ አሁን ተስፋ ቆርጣለች። «የምንበላውንና የምንጠጣውን ሰፈሩ በሙሉ ከገመዳችን ላይ ያነበዋል» ትላለች። እውነቷን ነው። ባለፈው ወተት ያቆምን ጊዜ ጎረቤት «ደህና ናችሁ? ምነው ቸገራችሁ?» ብሎ ጠይቆናል።

የተሰበረ ብርጭቆ ነገርማ ሌላ ነው። እቃ ሳጥብ አንዱ አመለጠኝና ተሰበረ። ጠራርጌ ጠርሙስ ጆንያ ውስጥ ጨመርኩት። ሳልወጣ ያዙኝ።

«ማነው ይሄን እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ከእጄ አምልጦ ነው፤ ሳላስበው ተሰበረ።»

«አሰባበሩን አልጠየቅኩህም። አቀባበሩን ነው የጠየቅኩህ።»

ለካስ ስብርባሪ በአሮጌ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ጨርቁ በካርቶን ይታሸጋል፤ ካርቶኑ በቀይ ክር ይታሰራል። ምላጭና መርፌ በደረቅ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገብቶ ክዳኑ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። የሰርዲን ቆርቆሮ ደግሞ ከታጠበ በኋላ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይታጠፍና አፉ በመዶሻ ይገጠማል። ለአንድ ሰርዲን! እኔ ሰርዲን የምበላው ምግብ መሥራት ሲሰለቸኝ ነው። አሁን ሰርዲን ከበላሁ በኋላ የሚጠብቀኝ ሥራ በግ ከማረድ አይተናነስም።

አንድ ቅዳሜ ድፍረት አግኝቼ ተከራከርኩ። ዕቃችንን የምንወስድበት የመልሶ መጠቀሚያ ማዕከል በሩ ላይ ማስታወቂያ ሰቅሏል፤ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ወረቀት፣ ፕላስቲክ ይላል፤ ስለ መዶሻና ስለ ቀይ ክር የሚያነሳው ነገር የለም።

«እትዬ፣ ማዕከሉ እኮ ይሄን አይጠይቅም።»

«ማዕከሉ አይጠይቅም። እኔ እጠይቃለሁ።»

ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

እንግዲህ እኔ የዚህ ሁሉ ሹፌር ነኝ። አሮጌ መኪና ያለኝ በመሆኔና በአንድ ክፉ ቀን «ላግዝዎት እትዬ» የሚል ቃል ከአፌ በማምለጡ ቅዳሜ ጠዋቴ የእሳቸው ሆኗል። ሰዎች ቅዳሜ ይተኛሉ፤ እኔ ጆንያ እጭናለሁ። እሳቸው ከፊት ወንበር ይቀመጡና ያለቁ ባትሪ ድንጋዮች ያሉበትን ማሰሮ እንደ እንቁላል ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል። «ቀስ በል። ጉድጓድ አለ። አንተ ልጅ፣ ጠርሙስ ጭነሃል እኮ!» መኪናዬ እርጎ እርጎ ይሸታል። ይህን ሽታ ምንም ነገር አላስለቀቀልኝም።

ይህን ሁሉ ሕንፃው ችሎ ነበር። ያልቻለው ውሃውን ነው። ውሃ ወደኛ የሚመጣው ሲፈልግ ነው፤ የመጣውን ጣሪያ ላይ ባለው ታንከር እናጠራቅምና ሁላችንም ከእሱ እንቀዳለን። ባለፈው ሳምንት ሊቀመንበሩ ከሥራ ገብቶ ገላውን ሊታጠብ ቆመ። ራሱን ሳሙና እንደቀባ ውሃው ቀጥ አለ። ፎጣ አገልድሞ፣ ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ግድግዳ እየዳበሰ እስከ ምድር ቤት ወረደ። ክብርት እትዬ ክዳኑስ ባልዲ ፊት ቁጢጥ ብለው የእርጎ ኩባያ ያጥባሉ።

«እትዬ! ውሃው አልቋል!»

«አይዞህ፣ እኔም ጨርሻለሁ» አሉት።

በማግስቱ ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ውሳኔው አጭር ነበር፤ ማጠቡም መለየቱም ይቁም፣ ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ተለቅቃ ሁለተኛ ታንከር ይግባባት። እጅ ያላወጣ አልነበረም። ባለቤቴ «ያቺን ክፍል ከወሰድንባቸው ሴትዮዋ ምን ይቀራቸዋል? ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው» ብላ ድምጿ እየተሰበረ ከተናገረች በኋላ፣ እጇን ለውሃው አወጣች። አልፈርድባትም፤ ሦስት ቀን ያልታጠበ ልብስ አላት።

ቀጥሎ የሚነግራቸው ሰው ተፈለገ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ቃል አታጣም» አለ ሊቀመንበሩ። «ደግሞ ይወዱሃል። ቅዳሜ ስትመለሱ እኔ ቤት ተሰብስበን እንጠብቅሃለን። ቁልፉን ተቀብለህ ና።»

«እምቢ ካሉኝስ?»

«እምቢ ካሉህ አንተም አትምጣ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አልዋሽም፣ ውስጤ ደስ ብሎታል። ቅዳሜዬ ሊመለስልኝ ነው። ግን አንዲት ሴት በዓለም ላይ ያለቻቸውን አንዲት ቁልፍ ከአንገታቸው ላይ የማወርደው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ስንሄድ በመንገዱ ሁሉ ንግግሬን አጠናሁ። «እትዬ፣ ለጤናዎ ስንል…» አይሆንም። «እትዬ፣ ዘመኑ…» እሱም አይሆንም። ማዕከሉ ደረስን። ማዕከል ማለት አጥር፣ በመደዳ የቆሙ የብረት ገንዳዎችና ወንበር ላይ የሚያንጎላጅ አንድ ዘበኛ ነው። ሌላው ሰው ፌስታሉን ከመኪናው መስኮት ወርውሮ ይሄዳል። እትዬ ግን አይጥሉም፤ ያስቀምጣሉ። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ፣ አፉን በአውራ ጣታቸው ዳብሰው። ንግግሬን ሳልጀምር ተመለስን።

ቤት ስንደርስ ባዶዎቹን ጆንያዎች አጥሩ ላይ ረስቻቸዋለሁ።

«ጆንያዎቹስ?»

«ሄጄ ላምጣቸው» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለማምለጥ ነው።

ስመለስ የገንዳዎቹን ዕቃ የሚጭነው መኪና መጥቶ ደርሷል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ የወረቀቱን ገንዳ ገለበጡት። ቀጥለው የጠርሙሱን በላዩ ላይ ገለበጡ። ከዚያ ቆርቆሮውን። ከዚያ ፕላስቲኩን። ነጩ ጠርሙስ ከባለቀለሙ፣ ካርቶኑ ከወረቀቱ፣ የእኛ ቤት ወተት ፌስታል ከማን ቤት እንደሆነ ከማይታወቅ ዳይፐር ጋር አንድ ላይ ተንኮሻኮሸ። አንዱ ሠራተኛ ላዩ ላይ ወጥቶ በቦቲው ይረግጠው ጀመር።

ዘበኛውን ቀሰቀስኩት።

«ወንድሜ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየጫኑ ነዋ።»

«አንድ ላይ?»

«መኪናው አንድ ነው። አንድ መኪና ስንት ሆድ ይኖረዋል?»

«ታዲያ ገንዳዎቹን ለምን ለያያችኋቸው?»

አሰበ። «ሲመጡም እንዲህ ሆነው ነው የመጡት» አለኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። ስንት ቅዳሜ! ስንት ባልዲ ውሃ! የሊቀመንበሩ ዓይን፣ የሙሽሮቹ ኬክ፣ የባለቤቴ ገመድ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉታል ይሄ ነው። በሕይወቴ ብዙ ከንቱ ነገር አይቻለሁ፤ ከንቱ ነገር ጽፌ ደመወዝ በልቻለሁ። እንዲህ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በቀይ ክር ታስሮ የተሰናዳ ከንቱ ነገር ግን አይቼ አላውቅም። አዘንኩ። ጆንያዎቹን ይዤ ስነዳ ግን፣ ከሐዘኔ ሥር አንድ ክፉ ደስታ ብቅ አለች፤ ከእንግዲህ እኔ ጨካኝ አልሆንም። ጨካኙ መኪናው ነው። ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፤ ራሳቸው ይተዉታል።

ከደረጃው ሥር ደፋ ብለው ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ አገኘኋቸው። ሊቀመንበሩ ቤት ሰው መሰብሰብ ጀምሯል፤ ድምፃቸው እስከ ታች ይሰማል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ግን አይዘኑ።»

«ጆንያዎቹን አመጣህ?»

«አመጣሁ። እትዬ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚጭኑት። ወረቀቱንም ጠርሙሱንም። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። የለየነውን ሁሉ መልሰው ይደባልቁታል።»

መዶሻው አልቆመም። «መች አጣሁት» አሉ።

ባዶ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩ።

«ያውቁ ነበር?»

«ገና ድሮ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ማጠብ ምንድነው? ይሄ ሁሉ መቀጥቀጥ? የሰው ውሃ ጨርሰው፣ ሰው አስቀይመው፣ እኔን ቅዳሜ ቅዳሜ…»

ቆርቆሮውን አስቀመጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ምን እሠራ እንደነበር ታውቃለህ? ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ እሰፋለሁ። ይሄ የተደባለቀው የት ይሄዳል መሰለህ? ሜዳ ላይ ይዘረገፋል። እዚያ የሚለቅሙት ሰዎች አሉ፤ በእጃቸው፣ በባዶ እጃቸው። ሲቆረጡ ወደኛ ነበር የሚመጡት። ምላጭ ቀጥ አርጎ ነው የሚቆርጥ፤ እሱ ለመስፋት አያስቸግርም። የቆርቆሮ ክዳን ግን ቦጭቆ ነው የሚሄድ። የምትሰፋበት ሥጋ አይተውልህም። አጥቤ፣ ሰፍቼ፣ ጠቅልዬ እልካቸዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ በሌላኛው እጃቸው ይመጣሉ። አንዷን ሴትዮ እባክሽ ይሄን ሥራ ተይ ብላት ምን አለችኝ? ‹እኔ ልጆች አሉኝ፤ አልተውም። እናንተ ክዳኑን ብታጥፉት አይቀልም?› አለችኝ።»

ቆርቆሮውን መልሰው አነሱ።

«ባይደባለቅማ እኔ ምን አስጨነቀኝ? እንደ ፍጥርጥሩ። የሚደባለቅ ስለሆነ ነው እንጂ።»

ሰው ሲሸነፍ የማይረባ ጥያቄ ይጠይቃል። «የእርጎው ኩባያስ? እሱ ምን ይቆርጣል?» አልኳቸው።

«የሰው እጅ ነው የሚገባበት እያልኩህ! ይሸታላ!»

«ነጭ ጠርሙስና ባለቀለም ጠርሙስስ?»

አሰቡ። ትንሽም ያፈሩ መሰለኝ።

«እሱ እንኳ የራሴ አመል ነው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ቀለለኝ ማለት ደስ ይለኝ ነበር። አልቀለለኝም። ዛሬም መኪናው አንድ ነው፣ ዘበኛውም ያንጎላጃል፣ ሜዳውም እዚያው ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቆሻሻዬ ከበሬ ሲወጣ ያለቀለት ነበር የሚመስለኝ። አሁን ግን አንድ የማላውቀው ሰው ጣት እኔ በበላሁት ሰርዲን ውስጥ ሲገባ ታየኝ። ይህን ዕውቀት ማን ለምኖ ነበር?

ከላይ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ሲያጸዳ ተሰማ። የተላኩበትን ሳልናገር ብመለስ መሳቂያ ልሆን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አወጣሁት።

«እትዬ… እኔ እንኳ… ቁልፉን ልቀበልዎት ነበር የመጣሁት።»

ቀና አሉ። ቁጣ ጠበቅኩ። ለቁጣውም ለልቅሶውም ተዘጋጅቻለሁ።

«አንተ?»

«አዎ… እኔ።»

«በራስህ?»

እዚህ ላይ «አይ፣ ኮሚቴው ነው የላከኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ቀደሙኝ።

«ማንን ልለምን እያልኩ ስጨነቅ ነው የከረምኩት! ጣቶቼ አይታዘዙኝም፤ እየው ይሄን» አሉና የቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጣቶቻቸው እንደታጠፉ ቀርተዋል፤ መዳፋቸው ይንቀጠቀጣል። «የአንዱን ቆርቆሮ አፍ መግጠም አቅቶኝ ወደ ቤቴ ይዤው ገባሁ። እንዴት ብዬ ልላከው? ይሄ ሕንፃ ደግሞ እንኳን ሊረከበኝ ስሜን ሲሰማ ይሸሻል። አንተ ግን ጥርስህን ነክሰህም ቢሆን ታጥባለህ። ክሩንም አጥብቀህ ታስራለህ። አይቻለሁ። ብቻ እንዲህ ሳትለመን መጥተህ ስጪኝ ትለኛለህ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ክሩን በራሳቸው ላይ አሹልከው አወጡና በአንገቴ አጠለቁልኝ። ቁልፉ ገና ይሞቅ ነበር። ጋዜጠኛ ነኝ፣ ቃል አላጣም፤ ያን ጊዜ ግን «እሺ እትዬ» ከሚለው በቀር አንድም ቃል አላገኘሁም። የምወዳቸው መሆኔን ያወቅኩትም ያኔ ነው፣ ያውም በማይሆን ሰዓት።

ሊቀመንበሩ ቤት ስገባ ክሩን አንገቴ ላይ አዩት። ተጨበጨበ። ሙሽራው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ባለቤቴ ብቻ አላጨበጨበችም፤ ፊቴን አይታ «ወየው ጉዴ» ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ለብዙ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ታውቀኛለች።

«ጀግና!» አለ ሊቀመንበሩ። «እስቲ ወዲህ በለው።»

እጁን ዘረጋልኝ። ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ አንድም ጠባሳ የሌለበት እጅ ነው። ከዚያ በፊት የሰው መዳፍ እንዲያ ትኩር ብዬ አይቼ አላውቅም።

«ስለ ውሃው እንነጋገራለን» አልኩት። «እኛ ልብስ ያጠብንበትን አጠራቅመን እንሰጣለን፤ ለቆርቆሮው እሱ ይበቃል። ቁልፉ ግን እኔ ጋ ነው የሚቆየው።»

ከኋላዬ የተባለውን ሁሉ አልጽፈውም። ደረጃውን ስወርድ «ይሄንንስ የሚያናግር ማንን እንላክ?» ሲባል ሰምቻለሁ።

እትዬ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ይጠብቁኛል። መዶሻውን በዓይናቸው አሳዩኝ። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ አነሳሁና ክዳኑን ወደ ውስጥ ልገፋ ስል አውራ ጣቴን ቀደደኝ። ደሙ ፈሰሰ። ተነስተው እጄን ያዙ፤ ወደ አምፖሉ አቀረቡት፤ ቁስሉን ከፈት አድርገው አዩትና ለቀቁኝ።

«ስፌት አይፈልግም» አሉ። «ቀጥል።»